የታሸገ ምግብ ውሻና ድመትን ይጎዳል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐዋሳ ነው። የሦስት ዓመት ጀርመን ሸፐርድ ክልስ ውሻና የአራት ዓመት ወንድ ድመት አሉኝ። ሁለቱም የተኮላሹ ናቸው። ድሮ የሚበሉት የቤት ትራፊ፣ ከሥጋ ቤት የሚመጣ ጥሬ ሳንባና ቅንጥብጣቢ፣ አልፎ አልፎም ዓሣ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ከውጭ የሚመጣውን ደረቅ ምግብ ከሱቅ በኪሎ እየገዛሁ እሰጣቸዋለሁ። የድመቱ ሲያልቅ የውሻውን አካፍለዋለሁ። ውሻው በጣም ወፍሯል። ድመቱ ደግሞ በቀደም ደም የቀላቀለ ሽንት ሸና፤ አሁን ድኗል። ጎረቤቶቼ ‹ኬሚካል ነው፣ ኩላሊት ይጨርሳል፣ ወደ ድሮው ምግባቸው መልሻቸው› ይሉኛል። ልመልሳቸው?»

ምላሽ፦

አይመልሷቸው። ግን አሁን በያዙት አኳኋንም አይቀጥሉ። ምክንያቱን እደርስበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ድመቱ፤ የሱ ጉዳይ ጊዜ አይሰጥም።

«አሁን ድኗል» ብለው አይዘናጉ። በወንድ ድመት ላይ ደም የቀላቀለ ሽንት ዛሬ ጠፍቶ ከወር በኋላ ሊመለስ ይችላል። ሲመለስ ደግሞ ሁልጊዜ በደም መልክ አይመጣም። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጫፉ ላይ በጣም ጠባብ ነው። ደቃቅ ክሪስታል፣ ማለትም ሽንት ውስጥ የሚረጋ እንደ አሸዋ ያለ ቅንጣት፣ ከዝልግልግ ቆሻሻ ጋር ተጠራቅሞ ይደፍነዋል። ከተደፈነ ፊኛው ይወጠራል፤ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል፤ ደም ውስጥ የሚከማቸው ፖታሲየም ልቡን ያቆመዋል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ነው።

ምልክቱን ይወቁት። ድመቱ አሸዋው ላይ ወይም ጓሮ ደጋግሞ ቁጢጥ ይላል። ያምጣል፣ ይጮኻል፣ ብልቱን ይልሳል። የሚወጣው ጠብታ ነው፤ ወይም ጭራሽ ምንም የለም። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ሆዱ ደርቆበት ነው» ብሎ ዘይት ያጠጣዋል። ዘይቱ ምንም አይሠራም፤ ሰዓቱ ግን ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን ካዩት ለነገ አይበሉት፤ ሌሊትም ቢሆን ለእንስሳት ሐኪም ይደውሉ። ሆዱን ለመጭመቅ አይሞክሩ። አመመው ብለው ፓራሲታሞል ደግሞ በፍጹም! አንድ ፍሬ ድመትን ለመግደል ይበቃል። አሁን ደህና ቢመስልም በዚህ ሳምንት ይዘውት ይሂዱና ሽንቱ ይመርመር።

ይህን ያመጣው ደረቁ ምግብ ነው ወይ? እዚህ ላይ ጎረቤቶችዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ደረቅ ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ 10 በመቶ ገደማ ነው። በቆርቆሮ የታሸገው እርጥብ ምግብ ግን ከ75 እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው። የድመት ዘር የመጣው ከደረቅ አገር የዱር ድመት ነው። ውሃውን የሚያገኘው በአብዛኛው ከሚያድነው እንስሳ ሥጋ ነበርና የውሃ ጥማቱ ደካማ ነው። ደረቅ ምግብ ብቻ ሲበላ የጎደለውን ያህል ጠጥቶ አያካክስም። ሽንቱ ይወፍራል፣ ክሪስታል ለመሥራት ይመቻል። ያም ሆኖ ዕድሜ ልካቸውን ደረቅ ምግብ በልተው ምንም ያልሆኑ ድመቶች ሞልተዋል። የሰውነት ውፍረት፣ ከቤት አለመውጣትና ጭንቀት ተደምረው ነው ነገሩን የሚያባብሱት። በቤቱ አዲስ ውሻ ወይም አዲስ ሰው መጥቶ እንደሆነ ያስቡበት፤ ድመት በጭንቀት ብቻ ደም ሊሸና ይችላል።

አሁን ወደ ኩላሊቱ። «የታሸገ ምግብ ኩላሊት ይጨርሳል» የሚለው እንደ አጠቃላይ አባባል ትክክል አይደለም። የድመት ኩላሊት በእርጅና ብዙ ጊዜ ይደክማል፤ ያረጀ ድመት ያለበት ቤት ሁሉ ይህን ያያል። በምግብ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ጤነኛ ኩላሊትን አያበላሽም። ግን አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን አሜሪካ ውሾችና ድመቶች በኩላሊት መድከም መሞት ጀመሩ። ሲጣራ፣ ከቻይና የገባ የስንዴ ፕሮቲን ውስጥ ሜላሚን የሚባል ነገር ተገኘ። ሜላሚን ናይትሮጅን ስላለው በላቦራቶሪ ፕሮቲኑን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ማጭበርበሪያው ይኸው ነበር። ኩላሊት ውስጥ ክሪስታል እየሠራ ገደላቸው። ብዙ ዓይነት ምርት ከገበያ ተሰበሰበ። ይህ ወንጀል ነው፤ የታሸገ ምግብ ሁሉ ባሕርይ ግን አይደለም።

ኢንዱስትሪው ንጹሕ ነው እያልኩ እንዳይመስልዎ። በ2019 ቫይታሚን ዲ የበዛበት የቆርቆሮ የውሻ ምግብ ከገበያ ተሰብስቧል፤ ቫይታሚን ዲ ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል። በ2020 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ያለበት ደረቅ ምግብ በርካታ ውሾችን ገደለ። በ2018 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እህል የሌለባቸውን፣ በአተርና በምስር የተሞሉ የውሻ ምግቦችን ከልብ መስፋት ጋር የሚያገናኛቸው ነገር ካለ ለማጣራት ምርመራ ከፈተ። ቁርጥ ያለ ማስረጃ አልወጣም። እኔ ግን «ከእህል ነጻ» ተብሎ በውድ የሚሸጠውን ለጤነኛ ውሻ አላዝም። ውሻ ሩዝም በቆሎም በደንብ ይፈጫል።

ኬሚካሉስ? ደረቅ ምግብ ቅባት ስላለው እንዳይሻግት ሳይሆን እንዳይመርር መከላከያ ይጨመርበታል። ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች ለዚህ ቫይታሚን ኢ ይጠቀማሉ። ኢቶክሲኩዊን የሚባለውን የአውሮፓ ኅብረት በ2017 አግዶታል። የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሰው «ተረፈ ምርት ይጨምሩበታል» እያለ ይሸሸዋል። ተረፈ ምርት የሚባለው ጉበት፣ ጨጓራ፣ ሳንባ፣ ኩላሊት ነው። ዱለት የሚበላ አገር በዚህ ባይጸየፍ ደስ ይለኛል።

እንዲያውም በዚህ ጉዳይ ኢንዱስትሪው የሚመሰገንበት ነገር አለ። ድመት ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር በራሷ በበቂ መጠን መሥራት አትችልም፤ ከሥጋ ማግኘት አለባት። ከጎደላት ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧ ይሰፋል። በ1987 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያሉ ተመራማሪዎች በልብ መስፋት የሚሞቱ ድመቶች ታውሪን እንደጎደላቸው አሳዩ። የሚበሉት የታሸገ ምግብ ነበር! ፋብሪካዎቹ መጠኑን ጨመሩ፤ በሽታውም ከዚያ በኋላ ብርቅ ሆነ። አሁን ወደ እርስዎ ቤት እንምጣ። የውሻ ምግብ ይህን ያህል ታውሪን እንዲኖረው አይገደድም፤ ውሻ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይሠራዋልና። ድመት የሚያስፈልጋት የፕሮቲንና የ«ቫይታሚን ኤ» መጠንም ከውሻ የተለየ ነው። ስለዚህ «የድመቱ ሲያልቅ የውሻውን አካፍለዋለሁ» ያሉት አንድ ቀን ቢሆን ግድ የለም፤ ልማድ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ይቁም።

የድሮው ምግብስ? ሲታወስ ጥሩ ይመስላል፤ ስንቱን እንደደበቀ ግን አይታይም። ጥሬ ሳንባው በጣም ያሳስበኛል። ከቄራም ሆነ ከሥጋ ቤት የወጣ የበሬ ወይም የበግ ሳንባ ሲቆረጥ አንዳንዴ ነጣ ያለ ከረጢት ይታያል። ከአተር ፍሬ እስከ ብርቱካን ሊያክል ይችላል፤ ሲበሳ ጥርት ያለ ውሃ ይፈነጥቃል። ይህ የትል ከረጢት ነው። ትሉ ኢኪኖኮከስ ይባላል፤ በአገራችን ከብትና በግ ላይ እንግዳ አይደለም። ውሻው ጥሬውን ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ጥቃቅን ትሎች ያድጋሉ። ውሻው ምንም አይሆንም፣ አይከሳም፣ አያስልም። እንቁላሉ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ጸጉሩ ላይም ይቀራል። ልጅ ውሻውን አቅፎ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ይውጠዋል። ከዓመታት በኋላ ያው የውሃ ከረጢት በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። ሳንባ መስጠት ከፈለጉ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይንተክተክ። እስካሁን ጥሬ ሲበላ ለኖረው ውሻ ደግሞ ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት በክብደቱ ተሰልቶ ይሰጠው፤ ከዚያም ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይደገም። በዚያን ሰሞን ዓይነ ምድሩን ሰብስበው ይቅበሩት።

ወጡም ችግር አለበት። የኛ ወጥ መነሻው ቁሌት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ቢበስሉም ቢደርቁም፣ የውሻና የድመት ቀይ የደም ሕዋስን ይሰብራሉ። ድመት ላይ ይብሳል። እንጀራ በወጥ አንዴ ቢቀምስ አይሞትም። በየቀኑ የዶሮ ወጥ መረቅ የሚልስ ድመት ግን ድዱ ነጥቶ፣ ደክሞ ሊመጣ ይችላል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም እንደ ስንጥር ይሰበራል። አንጀት ይበሳል፤ ጉሮሮ ላይ ይሰካል።

የሚጾም ቤት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በሁዳዴ 55 ቀን ቤቱ ውስጥ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለም። ለእንስሳቱ የሚተርፈው ሽሮና እንጀራ ነው። ውሻ በዚህ ይከሳል እንጂ ይሰነብታል። ድመት ግን ጾም የላትም። ሰውነቷ ፕሮቲን ማቃጠሉን መቀነስ አይችልም፤ ከምግብ ካላገኘ የራሷን ጡንቻ ይበላል።

«እንግዲያው ንጹሕ ሥጋ ብቻ ልስጣቸው» የሚልም አለ። ይሄም ስህተት ነው። ሥጋ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ እዚህ ግባ የማይባል ነው። ሥጋ ብቻ የሚበላ ቡችላ ካልሲየሙን ከራሱ አጥንት ይስባል። እግሩ ይጎብጣል፤ ከአልጋ ዘሎ ሲወርድ ይሰበራል። ሐኪም ቤት ሲመጣ ባለቤቱ «ሥጋ በሥጋ አድርጌ ነው ያሳደግሁት» ብሎ በኩራት ይናገራል። በየቀኑ ጉበት የሚበላ ድመት ደግሞ ቫይታሚን ኤ በዝቶበት የአንገት አጥንቱ ይጣበቃል። በ2013 በዚያው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያሉ ተመራማሪዎች በቤት ለሚሠራ የውሻ ምግብ የወጡ 200 አዘገጃጀቶችን መርምረው ነበር። 95 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ጎድሏቸው ተገኙ። ብዙዎቹን የጻፏቸው ደግሞ ራሳቸው የእንስሳት ሐኪሞች ናቸው።

ለዚህ ነው አይመልሷቸው ያልኩት። አሁን በያዙት መንገድ አይቀጥሉ ያልኩበት ዋና ምክንያት ደግሞ «በኪሎ» የሚለው ቃልዎ ነው።

ከተከፈተ ኬሻ በፌስታል ተመዝኖ የሚሸጥ ምግብ ጤናማ ይሁን የተበላሸ ማወቂያ የለዎትም። መቼ እንደተመረተ፣ መቼ እንደሚያበቃ፣ ለቡችላ ይሁን ላዋቂ፣ ለውሻ ይሁን ለድመት የሚለው ሁሉ ኬሻው ላይ ነው የቀረው። ከገበያ ይሰብሰብ ቢባል እንኳ የምርት ቁጥሩን አያገኙትም። ኬሻው አፉን ከፍቶ በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀት ሲሰነብት ቅባቱ ይመርራል፤ ቫይታሚኑ ይሞታል። እርጥበት ካገኘው ይሻግታል። አንድ እፍኝ ወስደው መዳፍዎ ላይ ይሹት፤ ከዚያ ያሽትቱ። ደህናው ሥጋ ሥጋ፣ እህል እህል ይላል። የመረረው የቆየ ዘይትና የቀለም ሽታ አለው። ውሻው አሽትቶ ጥሎት ከሄደ ይመኑት፤ «ቀብጦ ነው» አይበሉ። አፍላቶክሲን ግን ሽታም መልክም ላይኖረው ይችላል፤ መቀቀልም አያጠፋውም። ይህ ለቤት ምግብም ይሠራል። ነቀዝና ሻጋታ ያየውን በቆሎ «ለውሻ ነው» ብሎ መቀቀል የውሻውን ጉበት ማቃጠል ነው። የዶሮ መኖም አይስጡ። አንዳንዱ ውስጥ ለዶሮ በሽታ የሚጨመረው መድኃኒት ውሻን ሽባ ያደርጋል።

ስለዚህ ያልተከፈተ፣ ትንሹን ከረጢት ይግዙ። ቀኑን ይዩ። ጽሑፉ ላይ «ኮምፕሊት» የሚል ይፈልጉ፤ ብቻውን ሙሉ ምግብ ይሆናል ማለት ነው። «ኮምፕሊመንተሪ» የሚለው ማጣፈጫ ነው፤ በሱ ብቻ መኖር አይቻልም። ከጎኑ የውሻ ወይም የድመት፣ ያዋቂ ወይም የሚያድግ ቡችላ መሆኑ መጻፍ አለበት። ሥዕሉንና «ፕሪሚየም» የሚለውን ይለፉት፤ ሕጋዊ ትርጉም የለውም። ቤት ሲገባ ወደ ሌላ ባልዲ አይገልብጡት። ከነከረጢቱ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው በስድስት ሳምንት ውስጥ ይጨርሱት።

የውሻው ውፍረት የኬሚካል ጉዳይ አይደለም፤ የልክ ጉዳይ ነው። ደረቅ ምግብ ውሃ ስለሌለው ትንሹ ብዙ ጉልበት ይሰጣል። እንጀራ ሲሰጡት በነበረው ሳህን ሞልተው ከሰጡት እጥፍ በላ ማለት ነው። ተገቢ ክብደቱ 25 ኪሎ የሆነ፣ የተኮላሸ ውሻ በቀን የሚበቃው ከ300 እስከ 350 ግራም ነው፤ ያውም ሌላ ምንም ካልተጨመረ። የወፈረው ከዚያም ይቀነስለታል። 4 ኪሎ ለሆነ ድመት 60 ግራም ገደማ ይበቃዋል። አንዴ ሚዛን ላይ ለክተው ያንኑ ጣሳ ይጠቀሙ። የውሻው ጎድኖች ሳይጫኑ በጣት ሊቆጠሩ ይገባል። ነገሩን ለመልክ እንዳይወስዱት። በ2002 በታተመ ጥናት 48 የላብራዶር ውሾች ዕድሜ ልካቸውን ተከታትለዋል። ግማሾቹ ከሌሎቹ በ25 በመቶ ያነሰ ያንኑ ምግብ በሉ። ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ይበልጥ ኖሩ። በአንድ ዓይነት ምግብ ይህን ያህል ልዩነት ያመጣው ልኩ ብቻ ነው።

በጀቱ አይፈቅድ ይሆናል፤ አውቃለሁ። እንደዚያ ከሆነ ገንዘቡን ለድመቱ ያድርጉት። ድመት ትንሽ ነው የሚበላ፤ ሲጎድልበት ደግሞ በቶሎ የሚጎዳው እሱ ነው። ለአዋቂው ውሻ የታሸገውን ከቤት ምግብ ጋር ማደባለቅ ይቻላል፦ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ የተቀቀለ ሥጋ፣ ሩዝ ወይም ቅንጬ፣ በሳምንት አንድ ሁለቴ ትንሽ ጉበት። የታሸገው ከግማሽ በታች ከወረደ ካልሲየም ይጎድላል። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደ ዱቄት የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ለ25 ኪሎ ውሻ በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ያነሰ ይጨምሩ። ይህ ለቡችላ አይሠራም፤ የትልቅ ዝርያ ቡችላ ካልሲየም ቢያንሰውም ቢበዛበትም አጥንቱ ይበላሻል። ከአሞራ ገደል የሚመጣው ዓሣም ጥሩ ነው፤ በሐዋሳ መኖር ከሚያስቀኑት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ግን ይቀቀል፣ እሾሁ ይለቀም። አንዳንድ ዓሣ ጥሬውን ቫይታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ነገር አለው፤ እሳት ያከሽፈዋል። ለድመቱ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፤ ዋና ምግቡ አይሁን።

የምመክርዎ እንግዲህ ይህ ነው። ለሁለቱም የየራሳቸው ሙሉ ምግብ፣ ያልተከፈተ ከረጢት፣ በልክ። ለድመቱ ግን ደረቁ ብቻ አይሆንም፤ ከዕለት ምግቡ ቢያንስ ግማሹ እርጥብ ይሁን። በቆርቆሮ የታሸገው ከጠፋ ደረቁ ላይ ለብ ያለ ውሃ ወይም ጨውና ሽንኩርት የሌለበት የዓሣ መረቅ አፍስሰው ይስጡት። እንዲህ የራሰው ግማሽ ቀን ሳይሞላው ይደፋ። ውሃውን ከምግቡ ራቅ አድርገው ሁለት ሦስት ቦታ ያኑሩ። ሐኪሙ ሽንቱን አይቶ የተለየ ምግብ ካዘዘ የሱ ትእዛዝ ከኔ ይቀድማል። ክሪስታል ብዙ ዓይነት ነው፤ አንዱን የሚያሟሟ ምግብ ሌላውን አይነካውም። ሲሄዱ አሁን የሚበላውን ምግብ የኬሻውን ጽሑፍ በስልክ አንስተው ይያዙ። ሱቁ ኬሻውን ላሳይ ካላለ ከዚያ በኋላ ከዚያ አይግዙ።

ለውጡን ከሰባት እስከ አስር ቀን ድረስ ቀስ በቀስ ያድርጉት፤ አሮጌውን እየቀነሱ አዲሱን መጨመር ነው። በአንድ ቀን ከተቀየረ ተቅማጥ ይመጣል፤ ጥፋቱም በምግቡ ይላከካል። ደረቅ ምግብ ለምዶ ያደገ ድመት እርጥቡን እምቢ ሊል ይችላል። አንድ ማንኪያ ለብ አድርገው ከደረቁ አጠገብ ያስቀምጡለት። «ይራበውና ይበላዋል» አይሠራም። በተለይ ወፈር ያለ ድመት ሁለት ሦስት ቀን ሳይበላ ከቆየ ጉበቱ በስብ ተሞልቶ ሊሞት ይችላል። አንድ ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰ ደረቁን መልሰው ይስጡት፤ እርጥቡን በሚቀጥለው ሳምንት ይሞክሩ። ደረቁንም እምቢ ካለ ግን ሐኪም ጋ ይውሰዱት።